ርጥብ ደጅ

ከመርጦ ወንዝ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው መንደራችን ርጥብ ደጅ ትባላለች። ስሟን የሰማ እንግዳ ምንጭ የሞላባት አገር ትመስለዋለች፤ መጥቶ ሲያያት ግን ውሃ ከገደሉ ሥር ተወርዶ፣ ግማሽ ቀን ተደክሞ የሚቀዳባት ደረቅ አገር ናት። በሚያዝያ ሐሩር ደጃፉ ጭቃ የሆነ ቤት ካየ፣ እዚያ ቤት የታመመ ሰው አለ ማለት ነው። ስሙም ልማዱም የመጡት ከአንድ ጥፋታችን ስለሆነ አንኮራበትም፤ አንለውጠውምም።

አባቶች እንደሚሉት፣ ድሮ ፈንጣጣ ገብቶ ጎረቤት ከጎረቤት ተፈራርቶ በሩን ሁሉ ከውስጥ ቀረቀረ፤ በሽታው ያልገደለውን ውሃ ጥም ሊገድለው ደረሰ። ያን ጊዜ ድንቄ የምትባል፣ ባሏም ልጆቿም ቀድመው የሞቱባት ሴት፣ እንስራዋን አዝላ ገደሉን ትወርድ ጀመር ይባላል። ሰው ማድጋውን ደጅ ያወጣል፤ እሷ ውሃውን ትገለብጥበትና «ውሃ ደጃችሁ ነው፤ ክርስቶስ ይማራችሁ» ብላ ታልፋለች።

የደብሩ ቄስ መምሬ ውብነህ፣ ሚስታቸውም ልጆቻቸውም ታመው ተኝተውባቸው፣ አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ አነጋገሯት። አንቺም መታመምሽ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ማን ያጠጣሻል ቢሏት ፈገግ አለች።

«መምሬ፣ እኔ አንዷ ለሁላችሁ ካደረስሁ፣ እናንተ ሁላችሁ ለእኔ ለአንዷ እንዴት ያቅታችኋል?»

ነገሩ ለመምሬ እውነት መሰላቸው። ዛሬም ለሚሰማው ሁሉ እውነት ይመስላል፤ ክፋቱ ይኸው ነው።

በሽታው በርዶ የተረፈው ሰው በሩን ከፍቶ መውጣት ሲጀምር ድንቄ ታማ ወደቀች። ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም አዘነላት። ነገር ግን ከወንዙ የምትመለስ ሴት ሁሉ፣ ድንቄ ያላጠጣችው ቤት የለምና ዛሬስ ሌላው አድርሶላታል እያለች እንስራዋን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። መምሬም እንዲሁ አሰቡ። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ይቀለን ነበር፤ ሰዎቹ ግን ይወዷት ነበር።

በአራተኛው ቀን መምሬ የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘው ሊጠይቋት ሄዱ። ድንቄ ከመደቧ እስከ በሩ ደፍ በደረቷ ተስባ፣ እንደ ሌላው ሰው ማድጋዋን ደጅ አውጥታ ተኝታለች። ማድጋው ውስጥ አቧራ ብቻ ነበረ። ማንም አልመጣም ወይ ብለው ጠየቋት።

«ይመጣሉ» አለች።

መምሬ እየጮሁ ወጡ። ከየቤቱ እንስራ ያላዘለ ሰው አልቀረም፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ቀድማ የደረሰችው ሴት ቅሉን ከአፏ ብታስጠጋላት፣ ውሃው በአገጯ ወረደ እንጂ አልተዋጠም። ያን ውሃ መልሶ ወደ ቤቱ ለመውሰድ የደፈረ ሰው አልነበረም። ተራ በተራ እያለቀሱ ደጃፏ ላይ አፈሰሱት። በቀብሯ ዕለት መምሬ ሊያስተምሩ ቆመው፣ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ መጠማቱን አንሥተው ከዚያ ወዲያ መናገር አቃታቸው ይባላል።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእኛ አገር ስለ ታማሚ «ሌላው አድርሶለታል» ማለት ነውር ነው። ማድጋው ባዶ ይሁን ሙሉ፣ እያንዳንዱ ቤት ውሃ ያደርሳል፤ ሙሉ ሆኖ ያገኘው ደጃፉ ላይ ያፈሳል። በውሃ ጥም የኖረ አገር ውሃ ሲደፋ ያየ እንግዳ ይገረማል።

አምና እናቴ በመጨረሻው ሕመሟ ተኝታ ሳለ፣ ጀሪካኔን ተሸክሜ ገደሉን ወጣሁ። ስደርስ ማድጋው ሞልቷል፤ ደጁም ከጧት ጀምሮ ጨቅይቷል። ያመጣሁትን እዚያው አፈሰስሁት። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ የውሃውን ድምፅ ሰማችና «መጡ» አለች።