አያ ጅቦና ታጣፊው ሰንጢ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ልጁን ሊድር ዳስ ባስጣለበት ሰሞን፣ በዱሩ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አውሬ አልነበረም። ዝንጀሮ ምሰሶ ይተክላል፣ አህያ ከምንጭ ውሃ ታመላልሳለች፣ ቆቅ እንኳ በአቅሟ ቄጤማ ትጎዘጉዛለች። ድግሱ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ማንንም እንዳይነካ ታውጆ ስለ ነበር አህያም ከጅብ ፊት ለፊት ያለ ስጋት ታልፍ ነበር። የቀረው አንድ ነገር እንጨት ነው። ከዳሱ ጀርባ ንፋስ የጣለው የወይራ ግንድ ተጋድሟል፤ ጉጣም፣ ደረቅ፣ እንኳን ሊፈልጡት ሲያዩትም የሚያደክም። የድግሱ ወጥ የሚበስለው በእሱ ነበር።

ይህን ሥራ ለምኖ የተቀበለው አያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ድግስ ተጠርቶ ያውቃል። ያን ጊዜም እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ ሥጋውንም፣ ቆዳውንም፣ በሬው የታሰረበትንም ጠፍር በልቶ ስለ ተገኘ ዳግመኛ የጠራው የለም። ከዚያ ወዲህ ሌላው ዳስ ገብቶ ሲበላ እሱ አጥር ሥር ቆሞ የሚወረወር አጥንት ይጠብቃል። አሁን ግን አንበሳ ቃል ሰጥቶታል፤ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ግንዱ ተፈልጦ ካለቀ ሻኛው የእሱ ነው፣ መቀመጫውም ዳሱ ውስጥ ይሆናል። ጅቡ ይህን ከሰማ ጀምሮ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል። የጎመጀውም ሻኛውን ብቻ ሳይሆን መቀመጫውንም ነበር።

ለሥራው የሚሆን መጥረቢያ ነበረው። ከአባቱ የወረሰው፣ አፉ የሰፋ፣ ዛቢያው በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ በዱሩ ሁሉ ወደር የሌለው መጥረቢያ። ጅቡ ግን ክብደቱን እንጂ ጥቅሙን አይቶ አያውቅም፤ ትከሻዬን ላጠው እያለ ያማርራል። በዚያ አገር ደግሞ የቆየ ደንብ አለ፤ የተፈለጠ እንጨት ከነዋጋው ለመጥረቢያው ባለቤት ነው ይላል። ደንቡን አያ ጅቦም ያውቀዋል። ማወቅና ማስታወስ ግን ለእሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ።

በድግሱ ዕለት ጠዋት መጥረቢያውን ተሸክሞ እያለከለከ ሲሄድ እመት ቀበሮን መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኛት። በእጇ አንድ መንገደኛ ምንጭ ዳር ጥሎት የሄደ ሰንጢ ይዛለች። እጀታው ቀይ ነው፤ ስለቱን ቀጭ አድርጋ ትዘረጋዋለች፣ ቀጭ አድርጋ ታጥፈዋለች። ጅቡ ቆመ። ሁለተኛ ስታጥፈው ደግሞ ተቀመጠ።

«እንደምን አደሩ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ፤ «ያን ሁሉ ብረት ተሸክመው ወዴት ነው?»

ወዴት እንደሚሄድ ነገራት። ሻኛውንም፣ መቀመጫውንም፣ ሳትጠይቀው ሁሉንም ዘረገፈላት። ቀበሮ ራሷን እየነቀነቀች አዘነችለት። ዳስ ውስጥ ሊቀመጥ የታጨ ጌታ እንደ ጉልበት ሠራተኛ ብረት ተሸክሞ መታየቱ እንዳላማራት ነገረችው። ከዚያም አንድ ቀጭን የግራዋ ጭራሮ አነሣችና በሰንጢው ለሁለት ሰነጠቀችው።

ጅቡ ግንዱ ከጭራሮው እንደሚወፍር ትዝ አለውና ይህንኑ ተናገረ። በሕይወቱ ካሰባቸው ደህና ሐሳቦች አንዱ ይህ ነበር፤ ብዙ አልቆየም እንጂ።

«ወፍራም ማለት እኮ ብዙ ቀጭን ማለት ነው» አለችው ቀበሮ። «ቀጭኑን የቻለ ወፍራሙን ምን ያቅተዋል? ደግሞስ ሻኛው ሲቀርብልዎ በምን ሊቆርጡት ነው? በመጥረቢያ?»

ጅቡ ዳስ ውስጥ በመጥረቢያ ሥጋ ሲቆርጥ ራሱን አየው። እንግዶቹ ሲስቁበትም ሰማ። ወዲያው ሰንጢውን በመጥረቢያው ካልለወጥሽልኝ ብሎ መለማመጥ ጀመረ። ቀበሮ አይሆንም አለች፤ የዓይኔ ማረፊያ ነው አለች፤ ሄድ አለችና ተመለሰች። በመጨረሻ ለእርስዎ ስል ነው ብላ ተስማማች። ጅቡም እንዳትጸጸትና እንዳትነጥቀው ስለ ፈራ፣ ያለ እማኝ አልዋዋልም ብሎ ድርቅ አለ። ቀበሮ እማኝ ይጥሩ አላለችውም፤ ይህ የገዛ ብልሃቱ ነው።

በመንገዱ ውሃ ተጭና የምታልፈውን እመት አህይትን ጠሯት። አህያ ሰንጢውን አየች፣ መጥረቢያውን አየች፣ ጅቡንም አየችው።

«አያ ጅቦ» አለች፤ «እኔ ዕድሜዬን እንጨት ተሸክሜ ነው የኖርሁት። ሰንጢ ለሥራው ደግ ነው። ገመድ ይቆርጣል፣ ልጥ ይልጣል፣ እሳት የሚያያዝበትን ስንጣሪ ይፍቃል። ግንድ ግን ክብደት ይፈልጋል። ማጠፊያው ላይ ያለችውን ሚስማር ደግሞ እያት፤ ከገብስ ቅንጣት አትበልጥም። የምትመታው ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።»

«አንቺ የተጠራሽው እማኝ ልትሆኚ ነው እንጂ ልትመክሪ አይደለም» አለ ጅቡ።

ጅብን ሁለት ጊዜ መምከር ለአህያ ጤና አይሆንም። ጅቡም ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ መጥረቢያው ከዛሬ ጀምሮ ለቀበሮና ለልጅ ልጇ ይሁን፤ ብክድ እመት አህይት ትመስክርብኝ ብሎ ማለ። ሰንጢውን ይዞ እየዘረጋ እያጠፈ፣ በየመንገዱ ላገኘው ሁሉ እያሳየ ሄደ። ከቀበሮ እስከ ግንዱ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ፀሐይ የቁርስ ሰዓት ካለፈች በኋላ ነው የደረሰው።

ሥራውን በትዕቢት ጀመረ። ስለቱን ግንዱ ላይ አድርጎ ተጫነው። ቅርፊቱ ትንሽ ተላጠ። እንደገና ተጫነው፤ አሁንም ቅርፊት። ዳሱን የሚያጥሩት ዝንጀሮዎች ሥራቸውን ትተው ሰበሰብ አሉ፤ አንደኛው አያ ጅቦ ግንዱን ጢሙን እየላጩት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጅቡ በገነ። ድንጋይ አነሣና የሰንጢውን ጀርባ መታው። ስለቱ ጥፍር ያህል ገባ። ደስ አለው። ደግሞ ሲመታው ጉጥ አገኘና እዚያው ተሰንቅሮ ቀረ። ሊነቅለው እጀታውን ጠምዘዝ ቢያደርገው ሰንጢው የተማረውን አደረገ፤ ታጠፈ። የታጠፈውም ጣቶቹ ላይ ነበር።

ጩኸቱ ሙሽራዋን ሳይቀር ከጓዳ አስወጣ። ጅቡ ደሙን ልሶ፣ ሰንጢውን ቀና አድርጎ፣ አሁን በንዴት በድንጋዩ አናት አናቱን ወቀጠው። ያቺ የገብስ ቅንጣት የምታህል ሚስማር ብን ብላ ጠፋች። ስለቱ ግንዱ ውስጥ፣ ቀዩ እጀታ ጅቡ እጅ ውስጥ ቀረ። ግንዱ እንዳለ ነው። ፀሐይ ግን እንዳለች አልነበረችም፤ አናት ላይ ልትደርስ ትንሽ ቀርቷታል። ጅቡ ያን ጊዜ አጥሩን አየና ሆዱ ባባ። እውነት ለመናገር የሚያሳዝን ነበር።

ይህን ጊዜ እመት ቀበሮ መጥረቢያውን መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች። ልታነሣው እንደማትችል ከመጀመሪያውም ታውቃለች፤ የሚያነሣላት ማን እንደሆነም ታውቃለች።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው። ጠዋት አንቱ ያለችው አሁን አንተ ሆኗል፤ ጅቡ ግን ይህን ልብ አላለም።

«እባክሽ መጥረቢያሽን አውሺኝ» አላት።

ቀበሮ የማን መጥረቢያ እንደሆነ አስደግማ ጠየቀችው። መጥረቢያሽን አለ፤ ዝንጀሮዎቹ ሁሉ ሰሙ። ሰጠችው።

አያ ጅቦ ሆዳም ይሁን፣ ሞኝም ይሁን፣ መፍለጥ ግን ያውቅበታል። ጉጡን ሸሽቶ ከግንዱ ጫፍ ጀመረ፤ ስንጥቁን አገኘ፤ በዚያ በቆሰለ እጁ እየመታ፣ እያቃሰተ፣ ያን ወይራ ሰነጣጠቀው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ፍልጡ ከዳሱ ጀርባ ተከምሮ ነበር። የአባቱ መጥረቢያ እንዲህ ሲሠራ ያየው ያን ቀን ነው።

አንበሳ ክምሩን አይቶ ተደሰተ። ማን እንደ ፈለጠው ጠየቀ። ጅቡ ምራቁን እየዋጠ እኔ ነኝ ሲል ቀበሮ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ ፈላጩ ሌላ ይሁን፣ መጥረቢያው ግን የእኔ ነው፤ ደንቡን ጌታዬ ያውቁታል አለች። ጅቡ ጆሮውን ማመን አቃተው። መጥረቢያው የአባቴ ነው አለ።

«እማኝ አላችሁ?» አለ አንበሳ።

አለን አለች ቀበሮ። እመት አህይት ተጠርታ ቀረበች። ጅቡ ከላይ እስከ ታች አያት። እንዳትዋሽ አንበሳ ፊት ነው፣ እንዳትናገር ጅብ አጠገብ ነው። መጨረሻ ላይ አንገቷን ደፍታ የሰማችውን እንደ ሰማችው ተናገረች፤ መጥረቢያው ለቀበሮና ለልጅ ልጇ፣ ብክድም አህይት ትመስክርብኝ ብሏል አለች።

ሻኛውም መቀመጫውም ለቀበሮ ተፈረደ።

«ጌታዬ» አለ ጅቡ ድምፁ ተሰብሮ፤ «ላቡ እኮ የእኔ ነው።»

«ላቡማ ያንተ ነው» አለ አንበሳ፤ «እሱን የወሰደብህ የለም።»

ዳሱ ሞቀ። ጅቡ አጥር ሥር፣ በለመደው ቦታው ቆመ። የወጡ ሽታ እስከ ቆመበት ይመጣል፤ ቀበሮ ለሙሽራዋ ቤተሰብ ጥበብን ስታስተምር ድምፅዋ ይሰማል። አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ሻኛ ሳይሆን የሰኮና አጥንት ወረወረችለት። ቀዩን እጀታ አሁንም እንደ ጨበጠ ነበር፤ ሌላ የሚቆርጥበት ስላልነበረው አጥንቱን በጥርሱ ያዘው።

አህያ ሥጋ ስለማትበላ ከአጥሩ ውጭ ሣር ትግጥ ነበር። ጅቡ አጥንቱን እየቆረጠመ፣ አንቺ ባትመሰክሪ ኖሮ ዛሬ ዳስ ውስጥ ነበርሁ ብሎ ወቀሳት።

«እማኝ ያደረግኸኝ አንተ ነህ» አለችው። «እኔ ልሆንልህ የፈለግሁት መካሪ ነበር።»

ይህን ብላ ሣሩን አልጨረሰችም። ድግሱ ሊያልቅ መሆኑን፣ አዋጁም ከድግሱ ጋር እንደሚያልቅ አስታውሳ በጊዜ ወደ ቤቷ ገሠገሠች።

ከዚህ የምንማረው ለኪስ የተሠራውን ነገር ግንድ ፍለጥ ብለን ብናዘው መጀመሪያ የሚቆርጠው የገዛ ጣታችንን እንደሆነ፣ ለምክር ያልሰማነው አንደበትም ኋላ ለምስክርነት እንደሚጠራብን ነው።