«ይብቃኝ» ያለችው ሴት

አንዲት ቅመም ነጋዴ ነበረች፤ ስሟ አስረበብ። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ገና ሳይገፋ ጨንግፎባታል። የጨነገፈባት የማህፀን ምርመራ ባደረገች ሰሞን ነበር። ያን ዕለት የመረመራት ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልነገራትም። ስታለቅስ ተቆጣት፤ ጉልበቷንም በግድ ያዘ። ከዚያ ወዲህ «ልጄን ያሳጣኝ ምርመራው ነው» ብላ አመነች።

ከዓመታት በኋላ ዳግመኛ ስታረግዝ ክትትሏን አላቋረጠችም። ክብደቷን ትለካለች፣ ለምርመራ ደም ትሰጣለች፤ የማህፀን በር ምርመራ ሲነሳ ግን «ዛሬ አልተመቸኝም» ብላ ትወጣለች። አንድ ቀን ጠዋት የውስጥ ልብሷ ላይ ደም አየች። ለባሏ ለመንገሻ ስትነግረው ሥራውን ትቶ ጤና ጣቢያ ይዟት ሄደ።

አዋላጇ፣ ሲስተር ዘውድነሽ፣ በዕድሜ የበሰለች ሴት ናት። በመጀመሪያ በአልትራሳውንድ አይታ የጽንሱ ልብ በደንብ እንደሚመታ፣ የእንግዴ ልጁም ከማህፀን በር ርቆ እንደተቀመጠ አረጋገጠች።

«ልጅሽ ደህና ነው። ደሙ ከየት እንደመጣ ግን ማየት ይኖርብኛል» አለቻት።

«አይሆንም ሲስተር። የፊተኛውን ያጣሁት እንዲህ ስመረመር ነው።»

ሲስተር አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ታሪኳንም እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ያን ቀን በደል ደርሶብሻል። ጽንሱን ያሳጣሽ ግን ምርመራው አይደለም። ይህ መሣሪያ የማህፀንሽን በር ለማየት ነው፤ ልጁ ያለበት ድረስ አይገባም» ብላ መሣሪያውን በእጇ አስያዘቻት። «ደግሞ ይብቃኝ ካልሽኝ አቆማለሁ። ለምን ብዬም አልጠይቅሽም።»

አስረበብ ባሏን ቀና ብላ አየችው። «እኔ አጠገብሽ ነኝ፤ ውሳኔው ያንቺ ነው» አላት።

አልጋው ላይ ወጣች። ምርመራው እንደተጀመረ ሰውነቷ ሁሉ ደረቀ። «ይብቃኝ» አለች፤ ድምፅዋ እንኳ በደንብ አልወጣም።

ሲስተር ወዲያው አቆመች። መሣሪያውን አወጣች፣ አንሶላውን አለበሰቻት፣ ጓንቷን አወለቀች። «ትንሽ ታገሺ» ያላት ሰው አልነበረም።

አስረበብ አንሶላውን ወደ ደረቷ ሳበች። ትንፋሿ ቀስ እያለ ተመለሰ።

«እውነትም አቆሙ» አለች።

«ብዬሽ ነበር እኮ።»

«እንግዲያው ይቀጥሉ።»

ደሙ የመጣው ከማህፀኗ በር ላይ ከበቀለች ትንሽ ሥጋ ነበር፤ ለክፉ የምትሰጥ አልነበረችም። ሲስተር በዚያው በለስላሳ ብሩሽ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ ግን፣ ዝም ከተባለ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊሆን የሚችል ለውጥ አሳየ። አስረበብ ይህን ስትሰማ ወንበሩን ጨብጣ ያዘች።

«ካንሰር አይደለም» አለቻት ሲስተር። «ሆስፒታል እየተከታተሉሽ ትወልጃለሽ፤ ከዚያ ይታከማል። በጊዜ ደርሰንበታል።»

አስረበብ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ስታገግም ታከመች፤ ቆይታ በድጋሚ ስትመረመርም ንጹህ ነሽ ተባለች። ከሆስፒታሉ ስትወጣ ውጭ ልጃቸውን ታቅፎ ይጠብቃት የነበረው መንገሻ ዕንባዋን አይቶ ደነገጠ።

«ምን አሉሽ?»

«ደህና ነሽ አሉኝ። ቀለለኝ እኮ፣ መንገሻ» አለችው።

ወገኖቼ፣ በእርግዝና ጊዜም ቢሆን የማህፀን በር ምርመራ ሊደረግ ይችላል፤ እንዳትፈሩ፣ ባለሙያ ጠይቁ። አስረበብን ለዓመታት ከምርመራ ያራቃት የአንድ ሰው ቁጣ ነበር፤ መልሶ ያመጣት ደግሞ አንዲት ሴት ቃሏን መጠበቋ ነው። ፈርቶ እምቢ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ግትር ይመስለናል። እኛስ በቤታችንም ሆነ በሥራችን፣ የፈራ ሰው ተዉኝ ሲለን እጃችንን እንሰበስባለን?