ከክር የቀጠነች መንገድ

ተረቴን ቆጥሬ ልስጣችሁ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉኝ።

በአንድ ወንዝ ዳር አራት መቶ የማሽላ ፍሬና ሰባት ልጆች ያሏት አይጥ ነበረች። ጎረቤቶቿ ጉንዳኖች በጋውን ሙሉ እንቁላሎቻቸውን ተሸክመው ከወንዙ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ይወጡና ተመልሰው ይወርዱ ነበር።

“እመት ጉንዳን፣ ደመና በሌለበት ምን ያንከራትታችኋል?” አለች አይጧ።

“እግራችን መንገዱን እንዲለምድ ነው፣ እቴ” አለቻት አሮጊቷ ጉንዳን።

አይጧ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ክረምት ገባ። ወንዙ ዳሩ ላይ የቆመውን ዋርካ ከነሥሩ ነቅሎ፣ እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ። አይጧ ልጆቿን አንዱን የሌላውን ጅራት አስነክሳ ከጉድጓዷ ወጣች፤ መሄጃው ግን ጠፋት። ያኔ ሣሩ መካከል ጉንዳኖቹ የረገጧትን፣ ከክር የቀጠነች መንገድ አየች። መንገዷን ይዛ ወጣች።

ኮረብታው ላይ ቆማ ቆጠረች። ከማሽላው አንድም የለም፤ ልጆቹ ሰባት ናቸው። ደግማ ቆጠረች፤ አሁንም ሰባት።