ዕድሩ የመረጠላት ዩኒቨርሲቲ

«እማ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ታስቀድሚ ነበር?»

እታፈራሁ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበርና ዓይኗን በክንዷ ጠረግ አድርጋ «ቆይ እስቲ» ብቻ አለች። በጥድ አፋፍ መናኸሪያ አንድ መንገደኛ በብዙ ሰው ተከቦ ሲሳም ሾፌሮች እየሳቁ የሚወረውሯት አባባል አለች፤ እንግዳ ሰው ሲሰማት ለጨዋታ ያህል የተባለች ይመስለዋል። አይደለም፤ ታሪክ አላት። የታሪኳም መጀመሪያ ይህች በበርበሬ መሀል የተጠየቀች ጥያቄ ናት።

ጠያቂዋ ልጇ ትርሲት ነበረች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋለች፤ ጥድ አፋፍ ውስጥ ካለው ከመስቀለኛ ሰፈር ልጆች ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስታመጣ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። የቀራት ነገር ቢኖር የምትፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለች በቅደም ተከተል ማስመዝገብ ነው። የምዝገባው መጨረሻ ዓርብ ነው። ዓርብ ያለፈው ተማሪ የትም ይመደባል፤ ለምን ብሎ መጠየቅም አይችልም።

እታፈራሁ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። አምና በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራለች፤ አሁን የሱቅ ታፔላም ሆነ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የመኪና ላይ ጥቅስም ቢሆን ሳታነብ አታልፍም። ትርሲት የጻፈችላትንም በጣቷ እየተከተለች «ባ-ሕር ዳ-ር... ጅ-ማ... ሐ-ሮ-ማ-ያ...» እያለች አነበበችው። ማንበቡ ሌላ፣ መምረጡ ሌላ ሆነባት። ፊደሉ የከተማውን ስም ይነግራታል እንጂ የቱ ከተማ ልጅን አክብሮ እንደሚመልስ፣ የቱ እንደሚያስቀር አይነግራትም።

«ሰው ላማክር» አለች።

«ማንን እማ?»

«አዋቂ ሰው ነዋ!»

አዋቂ ብላ የሄደችው እትዬ አስካለ ዘንድ ነው። እትዬ አስካለ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ብዙ ገበያ ዞረዋል። እታፈራሁ በጆሯቸው የነገረቻቸውን እሳቸው በዕድሩ ዳኛ በጋሽ ደምሰው ጆሮ ነገሩ፤ በማግስቱ ጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

በመስቀለኛ ሰፈር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ እታፈራሁ ደጅ ደረሱ። አንዷማ ከሩቅ «ወይኔ ትርሲትዬ! ምን ነካሽብኝ!» እያለች መጥታ፣ ትርሲትን በሩ ላይ ቆማ ብታገኛት ጊዜ የጀመረችውን ለቅሶ የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ጋሽ ደምሰው ድንኳን ሳይቀር አስተክለው ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ሲሞላ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወገኖቼ፣ ዕድራችን እስከ ዛሬ ሲሸኝ የኖረው የማይመለሱትን ነው። ዛሬ እግዜር ይመስገን የምትመለስ መንገደኛ አግኝተናል። አብረን እንደምንቀብር አብረን እንመርጣለን። የቀረ ይቀጣል ብዬ ያስነገርኩትም ለዚሁ ነው።»

«ጋሽ ደምሰው፣ እኔ እኮ አንድ ምክር ብቻ ብዬ...» ብላ እታፈራሁ ጀመረች።

«አንቺ ተቀመጪ። ልጅሽ የሁላችንም ልጅ ናት።»

ይህን ሰምታ እምቢ የምትል እናት ከየት ትመጣለች? ተቀመጠች።

መጀመሪያ የተናገሩት ራሳቸው ጋሽ ደምሰው ናቸው። «ባሕር ዳር!» አሉ። ሐይቁን አመሰገኑ፤ ዘንባባውን አመሰገኑ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደግሞ የመሬት ክርክሬ ይግባኙ እዚያ ነው፤ ከትምህርት ስትወጣ ጎራ እያለች ቀጠሮውን ታይልኛለች» ብለው ጨመሩ።

እትዬ አስካለ «ድሬዳዋ» አሉ። «ሕዝቡ ፍቅር ነው፤ ባዳ ዘመድ አይልም። ለኔም ቅቤ ብልክ እዚያ የሚቀበለኝ የታመነ ሰው የለኝም።»

«ያ ሐሩር! ቅቤሽ ሳይደርስ ይቀልጣል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለዚህ አይደል ታዲያ ቶሎ የሚቀበል ሰው የምፈልገው!»

አቶ ወንድይራድ ተራቸውን ጠብቀው ተነሡ። የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ በሰፈሩ «የተማረ» ሲባል እሳቸው ማለት ነው። «ጥናት የሚፈልገው የአእምሮ ዕረፍት ነው» አሉ። «የአእምሮ ዕረፍት ያለው ሐዋሳ ነው። እኔም በዓመት ፈቃዴ የማልሄደው ማረፊያ ዘመድ አጥቼ ነው።» ሌላው ደግሞ ሙዝ ይወድ ስለነበር አርባ ምንጭ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት «ልጅቷስ ምን ልትማር ነው?» አለች።

ሁሉም ዞረው ትርሲትን አዩ። እዚያ መኖሯን ያን ጊዜ ያስታወሱ ይመስል ነበር።

«የእንስሳት ሕክምና» አለች።

«የበሬ ሐኪም?» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ልጄ፣ የታመመ በሬ መድኃኒቱ ቢላዋ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ዓይንሽ እስኪጠፋ ያነበብሽው ለበሬ ነው?»

«አምና ላማችን ሆዷ ተነፍቶ ስትሞት እናንተም ነበራችሁ» አለች ትርሲት። «አንዱ ጨው አለ፣ አንዱ ጸበል አለ፣ አንዱ ጅራቷን ሳቡ አለ። ምን እንደሆነች ያወቀ ግን አልነበረም። ወተቷን ሸጠን ነበር የምንኖረው።»

እታፈራሁ ወደ ባዶው በረት ዞራ አየች።

«እግዜር ያመጣው ነው» አሉ እትዬ አስካለ፤ ወሬው ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ።

ክርክሩ ምሳ ድረስ ቆየ። መላ ያመጡት አቶ ወንድይራድ ናቸው። ዕድሩ ድስትና ድንኳን የሚያውሰው በአባልነት ቅድሚያ ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወስዳል። የትርሲት ምርጫም በዚሁ ደንብ ይሁን አሉ። ተጨበጨበ። ጋሽ ደምሰው መሥራች ናቸውና ባሕር ዳር አንደኛ ሆነ፤ ድሬዳዋ ሁለተኛ፣ ሐዋሳ ሦስተኛ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወረደ። እታፈራሁ ከባሏ ሞት በኋላ በስሟ የገባች አዲስ አባል ስለሆነች የደረሳት መጨረሻው ነው። «ደብረ ብርሃን» አለች አፍራ። ከቤቷ ሁሉ ቅርቡ እሱ ነበር። እሑድ እሑድ ምሳ ይዤላት እሄዳለሁ ብላ በሆዷ አስባለች፤ እሷም እንደ ሰዎቹ የራሷን ጉዳይ ይዛ መቀመጧን ግን ያን ቀን አላየችውም።

«እኔስ?» አለች ትርሲት።

ጋሽ ደምሰው ፈገግ ብለው በትዕግሥት አስረዷት። «አንቺማ የዕድሩ አባል አይደለሽም፣ ልጄ።»

«እሺ፣ መምህራችን በስልክም ይመዘገባል ብለውናል፤ እዚሁ...»

«በስልክ! ይህን የሚያህል የወል ውሳኔ በስልክ! ወረዳ ወርደሽ፣ ትምህርት ቤትሽ ገብተሽ፣ መምህርሽ ፊት ታስመዘግቢያለሽ። ዓርብ እንሸኝሻለን።»

ትርሲት አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም፤ ተነሥታ አግዳሚ ወንበሮቹን ትሰበስብ ጀመር። እታፈራሁን ያስጨነቃት ይኸው ነው። ልጅ ሲያለቅስ እናት የምታደርገውን ታውቃለች፤ እሺ ብሎ ወንበር ሲሰበስብ ግን ምን ይደረጋል?

ዓርብ ጠዋት መናኸሪያው ጢም ብሎ ሞላ። ወደ ወረዳው የሚወርደው አውቶቡስ በቀን አንድ ነው። ዕድርተኛው ለመሸኘት ነበር የመጣው፤ ነገር ግን እትዬ አስካለ «እኔስ አብሬያት ልውረድ» አሉ። ጋሽ ደምሰው ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ጠበበ። መንገድ ላይ አግባብታ ድሬዳዋን አንደኛ ብታስደርገውስ? «እኔም እወርዳለሁ» አሉ። አቶ ወንድይራድ ለሐዋሳ የሚቆም ሰው እንደሌለ ታያቸው፤ እሳቸውም ሊወርዱ ሆነ። ሙዝ ወዳዱም ተከተለ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ አንዱን ሲጠረጥር ሸኚው ሁሉ ተጓዥ ሆነ።

በጥድ አፋፍ ደግሞ መንገደኛ ሸኚውን ሁሉ ስሞ ካልጨረሰ አይሳፈርም፤ ነውር ነው። ትርሲት ከዳር ጀመረች። የሽማግሌውን ጉልበት፣ የሴቶቹን ጉንጭ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። የተሳመ ሁሉ «በርቺ ልጄ!» ይልና አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ቦታ ይይዛል። እታፈራሁ የልጇን ቦርሳ ይዛ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። መጨረሻ የቀሩት ጋሽ ደምሰው ነበሩ፤ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ ትርሲት ጉልበታቸውን ሳመች፤ ገቡና የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ሞልቷል!» አለ ረዳቱ፤ በሩን ጠረቀመው።

«ኧረ ልጅቷ! ልጅቷ አልገባችም!» እታፈራሁ በሩን በመዳፏ ደበደበች። ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው። ከፊት የተቀመጡት ትርሲት ከኋላ ናት ብለው፣ ከኋላ ያሉት ከፊት ናት ብለው፣ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ደምሰው በመስኮት እጃቸውን አውጥተው እያውለበለቡ «በርቺ! በርቺ!» ይሉ ነበር፤ መሬት ላይ የቆመችውን ትርሲትን እያዩ፣ ተጓዧ ራሷ መሆኗን በሽኝት ልማድ ዘንግተው።

አቧራው ሲበርድ ግቢው ውስጥ የቀሩት እናትና ልጅ፣ እንዲሁም በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት የመናኸሪያው ዘበኛ አባባ ጓንጉል ብቻ ናቸው።

«ማንን ነበር የሚሸኙት?» አሉ አባባ ጓንጉል።

«እኔን» አለች ትርሲት።

ሽማግሌው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እታፈራሁ ግን ራሷን ይዛ «ጉድ ሆንኩ! ዓርብ እኮ ነው! የትም ሊጥሉብኝ ነው!» ትላለች።

«እማ፣ እዚህ ኔትዎርክ አለ» አለች ትርሲት፤ ስልኳን አወጣች።

እታፈራሁ ወደ ግራ አየች፤ ወደ ቀኝ አየች። ጋሽ ደምሰው የሉም። እትዬ አስካለ የሉም። ጥሩምባው ከተነፋ ወዲህ በልጇና በእሷ መሀል ማንም ሳይኖር ሲቀር የመጀመሪያው ነው። ሄዳ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«በይ አሁን ጠይቂኝ።»

«ምኑን?»

«ያን ዕለት በርበሬ ስቀነጥስ የጠየቅሽኝን።»

«አንቺ ብትሆኚ የቱን ታስቀድሚ ነበር?»

«እኔ ብሆን ደብረ ብርሃንን። ወጥ ቋጥሬ ሄጄ ፊትሽን ዓይቼ የምመለስበትን። ግን ሂያጇ እኔ አይደለሁም። አንቺ የቱን ትፈልጊያለሽ?»

በዚያ ሁሉ ምክር መሀል ትርሲትን እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። «ሐሮማያ» አለች። «የእንስሳት ሕክምናው።»

«ሐሮማያ ከሰፈራችን ጉዳይ ያለው ሰው አለ?»

«ማንም የለውም።»

«እንግዲያው እሱ ይሁን።» እታፈራሁ ልጇ ስትጽፍ ክርኗን ነካ አደረገቻት። «ደብረ ብርሃንን ግን ሁለተኛ አድርጊልኝ።»

«እማ!»

«ሦስተኛ።»

«ይሁን፣ ሦስተኛ።»

«ቆይ፣ ሳላነበው እንዳትልኪው።» ስልኩን ተቀበለች። ጣቷ መስታወቱን እንዳይነካ እየተጠነቀቀች «ሐ-ሮ-ማ-ያ» አለች። ደግማ አየችው። «አንደኛ ላይ ነው። ላኪው።»

ወረዳ የወረዱት የደረሰባቸውን በኋላ ራሳቸው ናቸው ያወሩት። ተጋፍተው መምህሩ ቢሮ ገቡ፤ ጋሽ ደምሰው የመጡበትን ጉዳይ በሰፊው አስረዱ። መምህሩ ሰምቶ ሰምቶ «ተማሪዋስ?» አለ። ተያዩ። አቶ ወንድይራድ ወንበር ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብለው አዩ። ሲመለሱ እርስ በርሳቸው ተኮራርፈው ነበር፤ ስምምነት ላይ የደረሱት በአንድ ነገር ብቻ ነው። እታፈራሁ «ከሽኝቱ ቀርተሻል» ተብላ ተቀጣች።

ምደባው ሲወጣ ትርሲት ሐሮማያ ደረሳት። ጋሽ ደምሰው ሳምንት ሳይሞላ ለእንግዳ ሰው «ዕድራችን ያስገባት ልጅ» እያሉ ማውራት ጀምረው ነበር። መሄጃዋ ሲደርስ ግን እታፈራሁ ቀኑን ለአዋቂም ለማንም አልተናገረችም። ጎህ ሲቀድ ልጇን ይዛ ወጣች፤ አንድ ጊዜ ሳመቻት፤ መስኮት አጠገብ ቦታ ስትይዝ አየች፤ አውቶቡሱ ከግቢው ወጣ።

ዳገቱን ጨርሶ ከዓይን ሲጠፋ ዕድርተኛው ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ጋሽ ደምሰው ሐሮማያም ሕግ አዋቂ አይጠፋም ብለው የክርክራቸውን ዶሴ በጋቢያቸው ሸፍነዋል። እትዬ አስካለ ሐሮማያ ለድሬዳዋ ቅርብ መሆኑን ከሾፌር ሰምተው ኖሮ ቅቤ በቅል ተሸክመዋል። እታፈራሁ ባዶ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ በሩ ላይ ቆማለች።

«የታለች?» አሉ ጋሽ ደምሰው እያለከለኩ።

«ሄደች።»

«ሳንሸኛት? እንዴት ሳንሸኛት ትሄዳለች! አባባ ጓንጉል፣ እርስዎስ እያዩ ዝም ይላሉ?»

አባባ ጓንጉል ከድንጋያቸው ሳይነሡ መጀመሪያ ቅሉን፣ ቀጥለው ዶሴውን አዩ።

«ያን ዕለት እናንተ ሄዳችሁ እሷ ቀረች፤ ዛሬ እሷ ሄዳ እናንተ ቀራችሁ» አሉ። «ምን ታደርገው ደምሰው፣ ሸኚ ሲበዛ መንገደኛ ይቀራል።»