የእመት ደብሪቱ ቁም ተዝካር

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ። የሚያስቅ የምትጠብቁ ከሆነ ግን ሂዱና ተጫወቱ። ይኼኛው አያስቅም።

በድሮ ጊዜ፣ ሰው ከዛሬው ባልተሻለበት ዘመን፣ ሥረ ገደል የምትባል መንደር ነበረች። ከበላይዋ ተራራ፣ ከማዶዋ ኮረብታ። ተራራው ወገብ ላይ አያቶች የቆፈሩት የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ነበር፤ የክረምቱን ውሃ ከመንደሩ አርቆ ወደ ወንዝ የሚወስድ። ቦዩ በየዓመቱ ደለል ይሞላዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ጭቃ ሹሙ ደቦ ይጠራል፤ አገሩ ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል። ሥርዓቱ ይኼ ነበር።

ጭቃ ሹምነት ደግሞ በተራ ነው። ዘንድሮ የአንዱ፣ ለዓመቱ የሌላው። ልብ በሉ፣ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ለዓመት ብቻ የተሾመ ሰው ዓመቷን ብቻ ያስባል።

በዚያች መንደር እመት ደብሪቱ የምትባል ልጅ ያልወለደች ባልቴት ነበረች። ቦዩ ሲደፈን አየች። ተራራው ሲሰነጠቅ አየች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ስንጥቁን ያላየ ሰው አልነበረም። እንጨት ለቀማ የሚወጣው ሁሉ ይዘለው ነበር። የጠፋው የሚናገር ነው።

ጭቃ ሹም ቢያድግልኝ ዘንድ ሄደች።

"ጌታው፣ ደቦውን ለቦዩ ይጥሩልን። ከግርጌ ያሉትንም ቤቶች ወደ ማዶ እናሻግር።"

"ዘንድሮ ደቦው ለእርሻዬ ነው" አላት። "ለዓመቱ።"

ለዓመቱ ካሴ ተሾመ። እሱ ዘንድ ሄደች።

"ጌታው፣ ደቦውን ለቦዩ።"

"ልጄን ልድር ነው፤ ደቦው ዳስ ይጥላል" አላት። "ለዓመቱ።"

ለዓመቱ ደምለው ተሾመ። እሱም ዘንድ ሄደች።

"ጌታው፣ ደቦውን ለቦዩ።"

"ባላባቱ ሊጎበኙን ነው፤ ደቦው መንገድ ይጠርጋል። ደግሞስ እመት ደብሪቱ፣ ቦይ አስጠርጌ ጎርፍ ባይመጣ ማን ያመሰግነኛል?"

"የሚያስመሰግነውማ ያልመጣው ነው።"

"ያልመጣውን ማን ያየዋል?" አለና ሳቀባት።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሳያባራ ዘነበ። የምንጩ ውሃ ቀላ። ስንጥቁ በሬ የሚውጥ ሆነ። እመት ደብሪቱ ቁጭ ብላ አሰበች። ሞት መጣ ብዬ ብጠራቸው አይመጡም፤ ጠላ ደረሰ ብዬ ብጠራቸውስ?

ያን ጊዜ ወራሽ የሌለው ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ ነበር፤ ቁም ተዝካር ይሉታል። በቤቷ ያለውን ሁሉ ጠመቀች፣ ጋገረች። ከዚያም በመንደሩ እንዲህ ስትል አስነገረች፦

"ቅዳሜ ከማዶው ኮረብታ ላይ ተዝካሬን አወጣለሁ። ሕፃን ሽማግሌ አይቅር፣ ከብቱም ይምጣ። ሦስት ቀን ነው። ሦስቱን ቀን እዚያው ያልዋለ ያላደረ ነፍሴን ረገመ።"

ለነፍሱ ያልወጣ አገር ለሆዱ ወጣ። ሽማግሌው በሸክም፣ ሕፃኑ በጀርባ ተሻገረ።

ቅዳሜ በሬዋን አረደች። በሉ፣ ጠጡ። ተራራው እንደ ቆመ ነው።

እሑድ ላሟን አረደች። በሉ፣ ጠጡ፣ "ይቺ ባልቴት ሀብት ደብቃ ኖሯል" እያሉ ተጫወቱባት። ተራራው እንደ ቆመ ነው። እሷ ዓይኗን ከተራራው አልነቀለችም። የምትወድቅ ከሆነ ቶሎ ውደቅ እያለች ለመነችው። እንዲህ ያለ ጸሎት አይጸለይም፤ እሷ ግን ምን ታድርግ፣ ጋኑ እየጎደለባት ነው።

ሰኞ የቀራት ለዘር ያስቀመጠችው ስንዴ ብቻ ነበር። እሱኑ ቀቀለችና ንፍሮ አቀረበች። ሰዉ አኮረፈ።

"ከሥጋ በኋላ ንፍሮ? ንፍሮ የቀብር አይደለም እንዴ?"

ጭቃ ሹም ደምለው ግን አላኮረፈም። ጠላው አናቱ ላይ ወጥቶ ዳሱ ውስጥ ተዘርሮ ነበር። ሰውዬውን ያተረፈው ብልሃት ይኼው ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ።

አንጓች የምትባል ጎረቤቷ ሕፃኗን አዝላ ተነሣች። እመት ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

"የት ነው ልጄ?"

"ጥጃዬ ትንሽ ናት፣ ዳገቱን አልቻለችምና እቤት አስሬያታለሁ። ንፍሮውን ቀምሻለሁ እማማ፤ ነፍስዎን አልረገምኩም።"

"ተራራው አይታይሽም?"

"ተራራውማ ስወለድም እዚያው ነበር።"

ነጠላዋን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና ወረደች። ሌሎችም ተከተሏት፤ አረም የሚጠብቃቸው፣ ንፍሮው ያስቀየማቸው።

ቀትር ላይ ተራራው ወረደ። ድምፁን አልነግራችሁም። ሲያበቃ ሥረ ገደል አልነበረችም። አንጓች አልነበረችም። ያዘለችው ልጅ አልነበረም። ከወረዱት አንድም ሰው አልነበረም።

ማዶ የቀረው ሰው አለቀሰ። ሲያለቅስ ቆየና የሚወቅሰው ሰው ፈለገ።

"ሳይሞቱ ተዝካር፣ ሳይቀብሩ ንፍሮ። ይኼ ሟርት ነው" አለ ደምለው፣ ስካሩ ሲለቀው።

"ሟርት ነው" አለ አገሩ።

በሬዋን በልተው፣ ላሟን በልተው፣ ዘሯን በልተው ሟርተኛ አሏት። እኔ ይኼን ስናገር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ባላባቱ የአገሩን ማለቅ ሰምቶ እህል ላከ። ደምለው እየሰፈረ አደለ። "እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር" ብለው መረቁት። ባላባቱም ካባ አለበሰው፣ ሹመቱንም የዕድሜ ልክ አደረገለት። ጅብ ከሄደ የጮኸው ውሻ ተሸለመ።

እመት ደብሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ መጣች።

"እህሉን አልጠይቅም። ቦዩን ቆፍሩ፤ ቤታችሁን ማዶ ሥሩ።"

ደምለው ከተናደው አፈር እፍኝ ዘገነና ለሰዉ አሳየ።

"እዩት እንዴት እንደለሰለሰ። በሬ አያደክም፣ ማረሻ አይሰብር። ተራራው መሬት ሰጠን እኮ።"

ሰዉ ሟርቱን ረሳ፣ ሙታኑንም ረሳ። የአንጓችን አጥንት ከሥራቸው አድርገው ናዳውን ተከፋፈሉት፤ ቤትም እዚያው ላይ ሠሩ። ከሁሉ የሚሰፋው የደምለው ቤት ነበር። እመት ደብሪቱ ምርኩዟን ይዛ አገሩን ለቀቀች። የሸኛት የለም።

የዚያ ዓመት አዝመራ ጉድ ተባለ። ከዚያም ወዲህ ደቦ ሲጠራ ለአጨዳ ነው፣ ለውቂያ ነው፣ ለሹሙ አጥር ነው። ቦዩን ያነሣ የለም። ሰው ጠግቦ በተኛበት በአንዱ ክረምት ተራራው የቀረውን ግማሹን ላከ። ካባውም፣ ባለካባውም፣ መራቂዎቹም አብረው ታች ቀሩ። ንፍሮ የሚቀቅልላቸው እንኳ አልተረፈም።

ተረቴ ይኸው ነው፤ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል።