ልጆቿ የናፈቋት ቆረቆንዳ

ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። እህሉም ዕቃውም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረ ዘመን አንዲት የበቆሎ ቆረቆንዳ ነበረች። ፍሬዎቿን በዙሪያዋ ደርድራ፣ አቅፋ ያሳደገች እናት ነች። አቶ ሽብሩ የሚባሉ ገበሬ ፍሬዎቿን ፈልፍለው ጎተራ አስገቡ፤ እሷን ባዶዋን አጥር ሥር ጣሏት።

ልጆቿ ናፈቋት። ባዶ ዕቅፍ አላስችል አላት።

እሳት መጣና፣ «ነይ፣ ላሙቅሽ» አላት።

«ልጆቼን ታሳቅፈኛለህ?»

«አመድ አደርግሻለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

ላም መጣችና፣ «ነይ፣ ላኝክሽ» አለቻት።

«ልጆቼን ታሳቅፊኛለሽ?»

«የእኔንም ጥጃ አስረውብኛል፤ ከየት አምጥቼ?»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

በሦስተኛው መድኃኒት ቀማሚዋ ወይዘሮ አመለወርቅ መጡ። በእጃቸው የያዙት የመድኃኒት ዱቄት ያለቅሳል።

«ክኒን ልሁን ስል እበተናለሁ። የሚያቅፈኝ አጣሁ» አለ።

«እኔ ልቀፍህ» አለች ቆረቆንዳ።

ወይዘሮዋ ቀቀሏት፣ አጥበው አነጧት፣ አድርቀው ፈጯት። ከዱቄቱ ጋር ደባልቀው፣ ጫን ጫን አድርገው ሦስት ክኒን አወጡ። አንዷን ለሙከራ ውሃ ውስጥ ጣሏት። ቆረቆንዳ ዱቄቱን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ልቀቂው እንጂ! ሆድ ገብቶ ካልተፈታ ምን ይረባል?»

«እሜቴ፣ አንዴ ለቅቄ አይቻለሁ። የለቀቅኳቸው አልተመለሱም።»

ሁለተኛዋም እንደዚያው አልፈታ አለች። ወይዘሮ አመለወርቅ ጨነቃቸው። አቶ ሽብሩ ወባ ጥሏቸው እየተንቀጠቀጡ ነበር፤ የቀረችው ክኒን ደግሞ አንዲት ናት። ይዘዋት ሄዱ።

«ባዶ ሆድዎን ነዎት?» አሉ።

«የበቆሎ አጥሚት ቀምሻለሁ፤ ከራሴ ጎተራ ነው። ይስጡኝ» አሉ አቶ ሽብሩ፤ ዋጧት።

ቆረቆንዳ ጨለማው ሆድ ውስጥ ዱቄቱን እንዳቀፈች ተቀመጠች። «ልቀቂኝ፣ ሰውየው እየሞቱ ነው» ይላታል። «አልችልም» ትለዋለች።

ያኔ ከአጥሚቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እማ?»

ልጆቿ ናቸው። ተፈጭተው፣ ተበጥብጠው፣ ግን የራሷ ናቸው። ልታቅፋቸው እጆቿን ዘረጋች። ስትዘረጋ ዱቄቱ ተለቀቀና ወደ ሥራው ሄደ። አቶ ሽብሩን ላብ አጠመቃቸው፤ ሲነጋ ተነስተው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሽብሩ ቆረቆንዳ አይጥሉም ይባላል። እናንተም ልብ በሉ፦ ያቀፋችሁትን አጥብቃችሁ ከያዛችሁ፣ የናፈቃችሁት ሲመጣ በየት ይገባል?