ከግስ ወይስ ከአገባብ?

አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው፣ የኔታ ልሳነወርቅ የግራዝማች ዘለለውን ልጆች በቤታቸው እንዲያስተምሩ ተጠርተው መጡ። ትሁኔና አጥናፉ የቀድሞ መምህራቸው ታመው ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ አልገለጡም ነበር። የኔታም ከግቢው ዋርካ ሥር አስቀምጠው የግእዙን ግስ፣ ቃሉን ከነፍቺው፣ ጠየቋቸው። አጥናፉ «ቀደሰ፣ አመሰገነ» ብሎ ጀመረና ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። ትሁኔ የወንድሟን መልስ ደገመችና እንባዋ መጣ።

«አይዞሽ ልጄ፣» አሉ የኔታ፤ «ከግስ መጀመሪያ እንነሣለን።»

ይህን ሲሰሙ ግራዝማች ከደጃፉ መደባቸው ብድግ አሉ።

«ከግስ? የቀድሞው መምህር ሲሄዱ ‹በሁለት ዓመት ግሱን ጨርሰው ወደ ከባዱ አገባብ ይገባሉ› ብለውኛል። ሁለቱ ዓመት አልሞላም እንዴ?»

«ሞልቷል፣ ግራዝማች።»

«እንግዲያስ ደርሰዋል!»

«ዓመቱስ ደርሷል፤ ልጆቹ ግን...»

«ግኑን ይተዉት! የወንድሜ ልጆች አገባብ ጨርሰው ቅኔ ይቆጥራሉ። የእኔዎቹ ይህን አክለው ከሕፃናት እኩል ‹ቀደሰ፣ ቀደሰ› ሲሉ ጎረቤት ሊሰማ ነው? ከፋሲካ በኋላ አገባቡን ይጀምሩላቸው፤ አለዚያ ሌላ መምህር አላጣም።»

የኔታ እንጀራቸው አላሳሰባቸውም ማለት አይቻልም። ይበልጥ የከነከናቸው ግን የሚመጣው ሌላው መምህር ነበር፤ ያልተማሩትን እየጠየቀ በአለንጋ የሚሞሸልቃቸው እነዚህን ልጆች ነውና። ቢሆንም ፋሲካን ጠበቁ።

በፋሲካ ጧት የኔታ ማዕዱን እንዲባርኩ ተጠሩ። ግራዝማች ጾሙን ጠንቅቀው የሚጾሙ ሰው ነበሩና ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ እንደ ደንቡ ከሁሉ አስቀድመው የተበጠበጠ ተልባ በዋንጫ አቀረቡ፤ ዶሮው በሰፊ ድስት ተከተለ። የኔታ ዋንጫውን ተቀብለው ባረኩና ለግራዝማች በመስጠት ፈንታ ከጎናቸው አኖሩት። ድስቱንም ወደ እርሳቸው ገፋ አደረጉላቸው።

«ይብሉ፣ ግራዝማች።»

«ተልባዬስ?»

«ተልባ ምን ያደርግልዎታል? ዶሮው ደርሷል።»

«ምን ነካዎት፣ የኔታ! ባዶውን በከረመ ሆድ ላይ ዶሮ ይጫናል እንዴ? ሊገድሉኝ ነው?»

«አምና በፋሲካ ዶሮ መብላትዎን ወይዘሮ ትርንጎ ነግረውኛል። ሆድዎ ያውቀዋል።»

«ቢያውቀውስ! ሃምሳ አምስት ቀን ተለይቶታል እኮ! በቀላሉ ማለማመድ አለብኝ። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል!»

የኔታ ትሁኔንና አጥናፉን አየት አደረጉና፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ፣

«የእርስዎ ሆድ ለሃምሳ አምስት ቀን ጾም ተልባ ካስፈለገው፣» አሉ፣ «ሁለት ዓመት የጾሙትን ልጆች በዶሮ ላስፈታቸው ነው?»

ወይዘሮ ትርንጎ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ግራዝማች ልጆቹን አዩ፣ ድስቱን አዩ፣ በመጨረሻም ዋንጫውን አተኩረው አዩት።

«የኔታ፣» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ልጆቹን ከግስ ይጀምሩልኝ፤ ለእኔም ተልባዬን ይመልሱልኝ።»